ከወዳጅ ቤት መልስ፣ በአውቶቡስ ቤት የመጀመሪያዋ ሌሊት

በአሜሪካ አገልግሎቱን የጨረሰ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገዝተው፣ ወንበሩን ነቅለው፣ አልጋና ምድጃ፣ የውሃ ታንከርና የፀሐይ ኃይል ገጥመውለት የሚኖሩበት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ የቤት ኪራይ አስመርሮት ነው፤ ሌላው ጡረታ ወጥቶ አገር ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው «ኖማድላንድ»ም በተሽከርካሪ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን ሕይወት ለብዙ ተመልካች አስተዋውቋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ በጤና አምድ ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ በከባድ መኪና ሾፌርነት የሚተዳደሩ በርካታ ወገኖቻችን ለቀናትና ለሳምንታት የሚያድሩት በመኪናቸው ጋቢና ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮቻችንና ረዳቶቻቸውም አዳራቸው ከዚህ አይለይም። ስለዚህ የሚከተለው ምክር በተሽከርካሪ ውስጥ ለሚያድር ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ዓመቱን ሙሉ በአውቶቡሱ የሚኖር ሰው አደጋውን በልማድ ያውቀዋል። የትኛው መስኮት ገርበብ ብሎ ማደር እንዳለበት፣ ምድጃው መቼ እንደሚጠፋ እጁ ለምዶታል። ለአንድና ለሁለት ሳምንት የድሮ ጓደኞቹ ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ግን ይህ ልማድ ይላላል። አውቶቡሱ ተዘግቶ ከርሟል፤ ባለቤቱም ደክሟል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚገናኙት በመጀመሪያዋ ሌሊት ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ የምትሻውም ለዚህ ነው።

ከመንገዱ እንጀምር። የስንብት ዋዜማ ጨዋታው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ በማግስቱ ደግሞ «ሳይመሽብኝ ልድረስ» ተብሎ በማለዳ ይነሳል። ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የማሽከርከር ችሎታው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። በአሜሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ከ11 ሰዓታት በላይ እንዳይነዳ ሕግ ያስገድደዋል። የራሱን መኖሪያ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ግን ይህ ደንብ አይመለከተውም፤ ልኩን የሚያውቀው ራሱ ነው። ዓይንዎ ከከበደና ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ማስታወስ ካቃተዎት ሙዚቃ ከፍ ማድረግም ሆነ መስኮት መክፈት አያነቃዎትም። ዳር ይዘው ይተኙ።

ረጅም መቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው የጥናት ውጤት ገልጿል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ አሁንም አነስተኛ ነው። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ከዚህ ቀደም ደም ረግቶበት የሚያውቅ ግን ከጉዞ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመዎት፣ ይልቁንም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተሰማዎት ለነገ ሳይሉ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አመሻሽ ላይ ደርሰዋል እንበል። አውቶቡሱ ቀዝቅዟል፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ብርዱ ከቤት ብርድ ይብሳል። የመጀመሪያ ሐሳብዎ መስኮቱን ዘግተው ማሞቂያውን መለኮስ ነው። ነገር ግን ባልነበሩበት ጊዜ ወፍ ወይም ተርብ የማሞቂያው ጭስ መውጫ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ፣ ወይም በረዶ ደፍኖት ሊሆን ይችላል። መውጫ ያጣው ጭስ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በውስጡም ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ሳንባ አየር እየሳበ አካል ግን ኦክሲጅን ይራባል።

ብዙዎች የሚዘናጉበት ነገር አለ። የቡታጋዝ ሲሊንደር ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል። በዚህ የተነሳ «ምንም አይሸትም» ብሎ መረጋጋት ይለመዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አፍንጫ አያገኘውም። ጋቢና ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት፣ ሞተር እያስነሱ ማደር፣ ጄኔሬተርን ከመስኮት ሥር ማስነሳት ሁሉም መዘዛቸው ይኸው ነው። «መስኮቱን ትንሽ ከፍቻለሁ» ማለት ለከሰል በቂ መከላከያ አይደለም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ግራ መጋባት ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ከወዳጅ ግብዣ የተመለሰ ሰው ራሱን ሲያመው የሚጠረጥረው የትናንቱን መጠጥ ወይም የመንገዱን ድካም ነው። ስለዚህ ጋደም ይላል፤ ብዙ ሰው ሳይነቃ የሚቀረውም እንዲህ ተኝቶ ነው። መለያው ይህ ነው፤ ውጭ ሲወጡ ሕመሙ ቀለል፣ ሲመለሱ ከበድ ካለ፣ ወይም አብረውዎት ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ድካም ነው ብለው አይለፉት። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያም በዚህ ጊዜ ያሳስታል። ሁለቱን ጋዞች ለይቶ ስለማያውቅ «ደህና ነው» የሚል ቁጥር ያሳያል።

እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ሁሉም ከተሽከርካሪው ይውጣ፤ ከዚያም አስቸኳይ እርዳታ ይጠሩ። በአገራችን የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939፣ በአሜሪካ ደግሞ በ911 ይገኛሉ። ወተት ወይም ሎሚ መጋት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰውማ ትንታ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነው። በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈልግ፣ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

መከላከያው ቀላል ነው። ሲደርሱ በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ያናፍሱ። የጭስ መውጫውን በባትሪ መብራት ይመልከቱ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ቁልፍ ተጭነው መጮሁን ያረጋግጡ፤ ባትሪው እርስዎ በሌሉበት አልቆ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ከተቻለ ማሞቂያ አጥፍተው በወፍራም ብርድ ልብስ ቢያድሩ ይመረጣል።

በታንከሩ የከረመውን ውሃም አይጠጡት፣ አይታጠቡበት። ለብ ያለና የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ ለተባለው፣ የሳንባ ምች ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ የሚተላለፈውም ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። አሮጌውን ውሃ ደፍተው፣ ታንከሩን አጥበው፣ ቧንቧውን ከፍተው ፈንጠር ብለው ይቁሙ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነም ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ የከረመውን አይጠቀሙ፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

የቀረው ዝምታው ነው። ለቀናት ሳቅና ጨዋታ ከሰሙ በኋላ በአንድ አልጋና በአንድ ኩባያ መካከል መቀመጥ ይከብዳል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ለጥቂት ቀናት ሆድ ቢብስዎት አይደንግጡ። የሚያሳስበው ዝምታውን በመጠጥ ለመሸፈን መሞከር ነው፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ የራስ ምታቱን መነሻም ይደብቃል። መጥፎ ስሜቱ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ሸኚዎችም ድርሻ አላችሁ። እንግዳችሁ የሚመለሰው ወደ እንዲህ ያለ ቤት ከሆነ አንድ ሌሊት ጨምሮ እንዲያድር ለምኑት፤ ይህ ልመና ልማዳችን ስለሆነ አይከብዳችሁም። ከስንቁ ጋር የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ብትሰጡት ደግሞ ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። ከሁሉም በላይ በማግስቱ ጠዋት ደውሉ። ስልኩ ደጋግሞ ጠርቶ ካልተነሳ «ደክሞት ተኝቶ ይሆናል» ብላችሁ አትተዉት፤ አቅራቢያው ያለ ሰው ሄዶ በሩን እንዲያንኳኳ አድርጉ።