አኻያ፣ ውሃ ለሚተኛበት ጓሮ

አኻያ ከውሃ አይርቅም። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የወንዝ ዳር ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ቀጫጭን ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን ወደ ጅረቱ አዘንብሎ ያገኘዋል። ስሙን ብዙዎች ከመዝሙረ ዳዊት ያውቁታል፤ ተክሉን ግን በአጠገቡ እያለፉ የማይለዩት ብዙ ናቸው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ሳሊክስ ሙክሮናታ ነው፤ በቆዩ መጻሕፍት ሳሊክስ ሰብሰራታ ተብሎም ይገኛል። አብዛኛው የአኻያ ወገን የሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር ተክል ሲሆን ይህኛው ግን ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በወንዞች ዳር የሚበቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ከተቆረጠ ቁጥቋጦ፣ ከተተወ ትንሽ ዛፍ ሆኖ ይኖራል።

ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ጥግ ያለው ባለ ግቢ ሊተዋወቀው የሚገባ ተክል ነው።

በተለይ መሬቱ መረሬ ከሆነ፣ አፈሩ ሐምሌና ነሐሴን ውሃ አቁሮ ይከርማል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። እንዲህ ባለ ቦታ የተተከለ አቮካዶ ብዙ ጊዜ አይሰነብትም። ሥርም ይተነፍሳል፤ ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ ደግሞ አየር የለም። አኻያ ይህን የሚያልፍበት ብልሃት አለው። በአካሉ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች አየር ከላይ ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ጎርፍ ግንዱን ሲከበው ደግሞ ከግንዱ ላይ፣ አየር ወደሚገኝበት ወደ ውሃው ገጽ ተጠግቶ አዲስ ሥር ያወጣል።

አተካከሉም ከዚሁ ባሕርይ ይነሳል። ዘሩ ጥጥ መሳይ ነገር ለብሶ በነፋስ የሚበር፣ የመብቀል ኃይሉም በአጭር ጊዜ የሚጠፋ ስለሆነ ለአትክልተኛ አይመችም። ቅርንጫፉ ግን ገና ከእናቱ ሳይለይ በቅርፊቱ ውስጥ የሥር ጅማሬ ይዟል፤ እርጥበት ሲያገኝ ያወጣዋል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጤናማ ቅርንጫፍ በክንድ ልክ ይቆረጣል። ታችኛው ጫፍ ሰያፍ፣ ላይኛው ቀጥ ተደርጎ ቢቆረጥ ላይና ታቹ አይምታታም፤ ዐይኖቹ ወደ ላይ ማየት አለባቸውና። ሁለት ሦስተኛው ይቀበርና ዙሪያው በእግር ይጠቀጠቃል። ከዚያ ወዲያ ጠላቱ ሣር ነው፤ በየጊዜው ይታረምለት። ብዙ ችግኝ የሚጠፋው ግን መስከረም ላይ ቅጠሉ ታይቶ ‹ጸድቋል› ከተባለ በኋላ ነው። በመጀመሪያው በጋ አፈሩ ሲሰነጠቅ ያልጠነከረውን ሥር ያደርቀዋል፤ ውሃ ማጠጣትና እግሩን በገለባ ማልበስ ያስፈልጋል። ከብትና ፍየል ቅጠሉን ስለሚበሉት አጥርም ግድ ነው።

ቦታ ሲመረጥ ከቤት መሠረት፣ ከውሃ ቧንቧና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር ማራቅ ይበጃል። ሥሩ እርጥበት ፍለጋ በትንሽ ስንጥቅ ገብቶ መስመር ይዘጋል።

ረግረግ ለማድረቅ ባሕር ዛፍ መትከል የቆየ ልማድ ነው። ለጠባብ ግቢ ግን አይመከርም፤ ቁመቱ ከባለቤቱ አቅም በላይ ይሆናል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። አኻያ በመቁረጫ የሚታዘዝ ተክል ነው። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ወደ መሬት ተጠግቶ ሲቆረጥ ከጉቶው ቀጥ ቀጥ ያሉ ለጋዎች ይወጣሉ፤ ለማገዶ፣ ለአጥር፣ ለመፋቂያም ይሆናሉ። ሥሩ ደግሞ ጎርፍ የሚሸረሽረውን ዳርቻ ጨብጦ ይይዛል።

ቅርፊቱ የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1763 የአኻያ ቅርፊት ዱቄት ትኩሳት ለያዛቸው 50 ያህል ሰዎች ሰጥቶ ያየውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። በ1828 የሙኒኩ ዮሐን ቡክነር ከቅርፊቱ ሳሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ በዚሁ መንገድ የቀጠለው ምርምር በ1897 ወደ አስፒሪን አደረሰ።

የአኻያ ወንዴና ሴቴ አበቦች በተለያዩ ዛፎች ላይ ነው የሚወጡት። ቀፎ ያለው ሰው እናት ተክሉን በአበባው ጊዜ ለይቶ ቢቆርጥ ያተርፋል፦ ወንዴው ለንብ ጽጌ ብናኝም የአበባ ማርም ይሰጣል፣ ሴቴው የአበባ ማር ብቻ፤ ከወንዴ የተቆረጠው ሁሉ ወንዴ ስለሚሆን ግቢው ውስጥ ጥጡ አይበንም።