አማራጭ ሥርዓተ ነጥብ ያላቸውን የአማርኛ ቃላት በሬጉላር ኤክስፕሬሽን መፈለግ፦ የ«ራያ ቆቦ» ምሳሌ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ስለደረሰው የወሎ ረኀብ ዲጂታል ሰነዶችን የሚያስስ ተመራማሪ አንድን የቦታ ስም በብዙ መልክ ተጽፎ ያገኘዋል። የዛሬው ወረዳ «ራያ ቆቦ»፣ «ራያ-ቆቦ» ወይም «ራያ፡ቆቦ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ የቀድሞው አውራጃ ደግሞ «ራያና ቆቦ» ይባል ነበር። ፍለጋው አንዱን መልክ ብቻ ከያዘ ሌሎቹ ሰነዶች ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይቀራሉ፤ በውጤቱ ላይ የሚመሠረተው ቆጠራም ይዛባል።

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን አንድን ቃል ብቻ ሳይሆን የቃሉን ንድፍ ለመግለጽ ያስችላል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ከተዘረዘሩት ምልክቶች ማንኛውም አንዱ ተቀባይነት አለው። «?» ከእርሱ በፊት ያለው ቁምፊ ቢኖርም ባይኖርም እንደሚያስኬድ፣ «*» ደግሞ ላይኖር ወይም ሊደጋገም እንደሚችል ያመለክታል። በዚህ መሠረት፦

ራያና?[ ፡:-]*ቆቦ

የሚለው ንድፍ አራቱንም መልኮች ይይዛል። «ና» በዩኒኮድ አንድ ቁምፊ በመሆኑ «?» ሙሉውን ፊደል አማራጭ ያደርገዋል። «*» የተመረጠው «ራያ ፡ ቆቦ» ተብሎ ሁለት ነጥቡ በክፍት ቦታዎች መካከል ሲገባ «?» ስለማይበቃ ነው። ነጠላ ሰረዝ (፣) ግን ሆን ተብሎ ተትቷል፤ «ራያ፣ ቆቦ» ዝርዝር እንጂ አንድ ስም አይደለምና።

በአሕጽሮተ ቃል ላይ ችግሩ ይጠናል። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነጥብ ማንኛውንም አንድ ቁምፊ ስለሚወክል «ዓ.ም» የሚለው ንድፍ «ዓለም»ንም ያመጣል። ነጥቡ በማዕዘን ቅንፍ ሲገባ ነጥብን ብቻ ይወክላል። ሆኖም «ዓም» የሚለውንም ለመያዝ ምልክቱ አማራጭ ሲደረግ «ዓምድ» ይገባል። ስለዚህ ከአሕጽሮቱ በፊት አኃዝ እንዲኖር መጠየቅ ይበጃል፦

[0-9፩-፼] *ዓ[./]?ም[.]?

ይህ ንድፍ «1966 ዓ.ም.»ን፣ «1966 ዓ/ም»ን እና «፲፱፻፷፮ ዓም»ን ይቀበላል።

የንድፍ ጥራት የሚለካው ባገኘው ብቻ ሳይሆን ባመለጠውም ነው። ስለሆነም ከቆጠራው በፊት ጥቂት ሰነዶችን በዓይን አንብቦ ከፍለጋው ውጤት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። «ራያና ቆቦ» በአንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ቦታዎችን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ይህን የሚለየው የአንባቢው ፍርድ እንጂ ንድፉ አይደለም።