ቦይንክና ባለ 4 ጊጋባይቱ ኮምፒውተር

ቦይንክ ሥራ የፈታ ኮምፒውተርን ለሳይንስ ስሌት የሚያውል ነፃ ፕሮግራም ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በዴቪድ አንደርሰን መሪነት ተሠራ። የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ የሆነው ሴቲ አት ሆም እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ መረጃ እየከፋፈለ ለበጎ ፈቃደኞች ያድል ነበር፤ በ2020 ማደሉን አቆመ። ሌሎች ፕሮጀክቶች ግን አሉ። ይህን መተጋገዝ ደቦ ነው የሚሉ አሉ። ደቦ ሲሆን ጠላውን የሚያቀርበው ጠሪው ነው፤ እዚህ መብራቱንም የኢንተርኔት ጥቅሉንም የሚችለው ሊያግዝ የመጣው ነው!

እኛን የሚመለከት ስሌትም አልጠፋም። የስዊዘርላንዱ ትሮፒካል ኢንስቲትዩት የወባን ስርጭት በዚሁ መንገድ አስልቷል፤ ወባ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ሰው እንግዳ አይደለችም። የደልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2019 ከሰሃራ በታች ያለውን ዝናብ በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት ለማስላት ተነሣ። ከመራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ያህል ያለማል፤ አብዛኛው የምዕራብ ጎጃም ማሳ ግን ዛሬም ዝናብ ጠባቂ ነው።

ፕሮግራሙን መጫን ማንንም አያቅትም። የሚናቀው ሜሞሪው ነው። ሰው ሁሉ የፕሮሰሰሩን መቶኛ ሲነካካ ይውላል፤ የሜሞሪውን ገጽ የሚከፍተው ግን ጥቂት ነው። እዚያ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ተቀምጧል፦ ሰው ኮምፒውተሩን ሲጠቀም 50 በመቶ፣ ሳይጠቀም 90 በመቶ። ብዙዎች ይህን «ከተረፈው ላይ ግማሹ» አድርገው ያነቡታል። አይደለም፤ ከተገጠመው ጠቅላላ ሜሞሪ (ራም) ላይ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ቦይንክ እስከ 2 ጊጋባይት ሊይዝ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። ዊንዶውስ፣ ክሮምና ቴሌግራም ተደምረው ሁለት ተኩል ቢወስዱ፣ ትርፉ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገፋል። ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር ሲተያይ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ማውዙ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው።

መራዊ ውስጥ አንድ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስገባ ይኸው ሆኖ አገኘሁ። ደንበኛው ማመልከቻውን ይዞ ቆሟል፣ ወርድ አልከፈት ብሏል። ባለቤቱ «ሳይንሱን አቁሜዋለሁ እኮ፣ ምን ቀረው?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ቆሟል። ግን «ሲቆም ከሜሞሪ አይውጣ» የሚለው ምርጫ ላይ ምልክት ተደርጎበት ነበር። እንዲህ የቆመ ሥራ ፕሮሰሰሩን ይለቃል እንጂ ሜሞሪውን አይለቅም። «ጋሼ፣ ይቺን ምልክት ያንሷት» አልኳቸው።

ምልክቱን ማንሣትም ዋጋ አለው። ከሜሞሪ የወጣ ሥራ ሲመለስ የሚነሣው ዲስክ ላይ ካስቀመጠው የመጨረሻ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሰላው ይጠፋል። አንዳንዱ ፕሮጀክት በየደቂቃው ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ረጅም ጊዜ ይቆያል። መብራት ሲጠፋም የሚደርስብን ይኸው ስለሆነ፣ በእኛ አካባቢ ቶሎ ቶሎ የሚያስቀምጠውን መምረጥ ይሻላል።

ሌላው ነገር የፕሮሰሰሩ ኮሮች ቁጥር ነው። አራት ኮር ካለ አራት ሥራ አንድ ላይ ይነሣል፤ እያንዳንዱም የራሱን ራም ይፈልጋል። ስለዚህ ኮሮቹን ወደ 50 በመቶ፣ የመጀመሪያውን የሜሞሪ ቁጥር ወደ 25 ማውረድ ነው። አንዱ ሥራ «ሜሞሪ እየጠበቀ ነው» ቢል ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ገደቡን አክብሮ ተራ ይዟል። አንዳንድ የአየር ንብረት ስሌቶች ደግሞ ብቻቸውን በርካታ ጊጋባይት ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ የማሽኑን ራም አይቶ እነዚህን አልሰጥም ሲል፣ ተናደው ፕሮግራሙን የሚያራግፉ ሰዎች አሉ። ምን አጠፋ? ከአቅም በላይ ተሸክሞ ከመውደቅ አዳናችሁ እንጂ!

የ90 በመቶውን ነገር ሳልነግራችሁ። ኪቦርድና ማውዝ ለ3 ደቂቃ ካልተነካ ቦይንክ ሰው የለም ብሎ ይቆጥራል። ረጅም ፒዲኤፍ በዝምታ የሚያነብ ሰው እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «የለም» ይባልና ሜሞሪው ይወሰድበታል፤ ገጽ ልግለጥ ሲል ማሽኑ ይይዘዋል። 3ቱን ደቂቃ 15 አድርጉት፣ 90ውንም ወደ 60 አውርዱት።