ከመቶ ሃምሳ አራት

ሮጀር ፌደረር በቴኒስ ነጠላ ውድድር 1,526 ጊዜ ተጫውቶ 1,251ዱን አሸንፏል። ከአሥር ስምንቱን እንደ ማለት ነው። ከተጫወታቸው ነጥቦች ያገኘው ግን 54 በመቶውን ብቻ ነው፤ ይህን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ነግሯቸዋል።

ምስጢሩ የቴኒስ አቆጣጠር ላይ ነው። ነጥብ ተጠራቅሞ ጌም፣ ጌም ተጠራቅሞ ዙር ይሆናል፤ የአንዱ ትርፍ ግን ወደ ሌላው አይሻገርም። ተጋጣሚውን አንድ ነጥብ ሳያስቆጥር የሸኘውም፣ ደጋግሞ እኩል እየሆነ በጭንቅ ያለፈውም የሚጻፍላቸው ያው አንድ ጌም ነው። ጥቂቷ ብልጫ በየደረጃው እየገዘፈች ሄዳ ዋንጫ ላይ ታደርሳለች፤ ያለቦታዋ ከፈሰሰች ደግሞ ለምንም አትበጅም።

ፌደረርም ቀምሶታል። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ በኖቫክ ጆኮቪች ላይ 218 ለ204 በነጥብ፣ 36 ለ32 በጌም በልጧል። ተጋጣሚው ያልነካው ሰርቭ፣ ማለትም ኤስ፣ 25 መትቷል፤ ጆኮቪች 10 ነው ያለው። በአምስተኛው ዙር 8 ለ7 እየመራ፣ ሰርቩም የእሱ ሆኖ፣ 40 ለ15 ደረሰ። አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረችው፤ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለቱም አመለጡት። ዙሩ በጌም እኩል ሲሆን የሚለዩበትን ታይ ብሬክ ሦስቱንም ጊዜ ጆኮቪች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከ4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ በኋላ ዋንጫውም የእሱ ሆነ። የዚያን ቀን የቁጥር ሠንጠረዥ ስም ሸፍኖ ለሚያሳየኝ ሰው፣ አሸናፊው ፌደረር ነው ብዬ እወራረድ ነበር።

20 ግራንድ ስላም፣ በጠቅላላው 103 ዋንጫ፣ 310 ሳምንት የዓለም ቁጥር አንድነት፤ ይህን የቴኒስ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚደንቀኝ ከ310ሩ ውስጥ 237ቱ ሳይቋረጡ የተከታተሉ መሆናቸው ነው። ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው።

ነቃፊዎቹ የሚመዙት ቁጥርም አለ፦ ከራፋኤል ናዳል ጋር 40 ጊዜ ተገናኝቶ 24ቱን ተሸንፏል። ከ24ቱ ሽንፈት 14ቱ ግን በሸክላ ሜዳ፣ ማለትም በናዳል ግዛት የደረሱ ናቸው። በሣር 3 ለ1፣ በጠንካራ ሜዳ 11 ለ9 የሚመራው ፌደረር ነው። በሸክላም ቢሆን ናዳል ፊት የደረሰው ሌሎቹን እየረታ ነው፤ ቀደም ብሎ ተሸንፎ ሻንጣውን ቢሸክፍ ኖሮ መዝገቡ ባማረለት።