የአንኮበር እሬት

እሬት ቅጠሉ ወፍራም፥ ዳር ዳሩም እሾህ ያለበት ተክል ነው። ቅጠሉ ሲቈረጥ ብጫ ውሃ ይወጣዋል፤ ይህም ውሃ እጅግ መራራ ነው። እናት ልጅዋን ጡት ስታስጥል ጡቷን እሬት የምትቀባው ስለዚህ ነው።

ቃጫ እሬትን ይመስላል እንጂ እሬት አይደለም። የቃጫ ቅጠል ውስጡ ገመድ የሚገመድበት ብርቱ ክር አለው፤ ተክሉም አንድ ጊዜ ካበበ በኋላ ይደርቃል። የእሬት ቅጠል ግን ቶሎ ይሰበራል፤ ተክሉም ካበበ በኋላ በሕይወት ይኖራል።

እሬትም ራሱ ብዙ ዐይነት ነው። በደብረ ብርሃን ስም የተጠራው እሬት ከመሬት ተጠግቶ ይበቅላል። የአንኮበር እሬት ግን በሁለት ምልክት ይለያል። አንደኛው ስፍራው ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በገደል ላይ ይበቅላል። ሁለተኛው ግንዱ ነው፤ ረጅም ሆኖ ከገደሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

የአገሩ ሰው ይህን እሬት ከጥንት ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። የዕፀዋት ሊቃውንት ግን ከሌላው ለይተው ስም ያወጡለት በ1997 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም።

እንግዲህ አንድ ሰው «እሬት የትም ሞልቷል» ብሎ ይህን ቢነቅል፥ የነቀለውን የሚተካ ከሌላ አገር አያመጣም። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ከመንቀል በፊት መለየት ይገባል። ሳያውቁ ያጠፉትን ነገር ኋላ ማወቅ አይመልሰውም።