የዛፍ ቆራጭና የጣውላ ሠሪ ትርፍ ከየት ይመጣል?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዛፍ ቆረጣና ስለ ጣውላ ሥራ ነው። ይህ ሥራ በከተሞቻችን ዳርቻ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። አንዱ በቤት ላይ ያዘነበለውን ዛፍ ይቆርጣል። ሌላው የደረቀውን ቅርንጫፍ ያወርዳል። ሌላው ደግሞ ግንድ ገዝቶ ይሰነጥቅና ጣውላና ሞራሌ አድርጎ ይሸጣል። ሁሉንም አጣምረው የሚሠሩም አሉ።

ብዙ ሰው «ጉልበትና ጥሩ መጋዝ ካለ ይህ ሥራ ያተርፋል» ይላል። እውነት ነው፣ ጉልበትም መጋዝም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲደክሙ ውለው ባዶ ኪሳቸውን የሚገቡ ሠራተኞች አሉ። ዛፉን ቆርጠዋል፤ እንጨቱንም ሸጠዋል። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? ጥቂቱ ሰጋቱራ ሆነ። ጥቂቱ ተጣሞ ማገዶ ሆነ። ጥቂቱ ሳይጻፍ የቀረ ዱቤ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው ሲጎዳ ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ዛፉን ማወቅ

በደጋው አገራችን ለዚህ ሥራ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨትም አጥሯት ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ጉቶው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር በሰያፍ ይቆረጥ። ካቆጠቆጠ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ይተውና ሌላው ይነሣ። ያን ጊዜ ደኑ ይተካል።

ዝግባ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶ ግን ሌላ ናቸው። እነዚህ የአገር ዛፎች እየተመናመኑ ሄደዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ አራቱንም በስም ጠርቶ ይጠብቃቸው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1065 ወጣ። ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ስለዚህ የአገር ዛፍ ከመንካታችሁ በፊት የወረዳውን የደን ባለሙያ ጠይቁ። ፈቃዱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ያዙ። እንጨት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ወረቀት ቢጠየቅና ባይኖረው፣ የብዙ ቀን ድካም እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ሕይወትን መጠበቅ

ዛፍ ከመነካቱ በፊት ዙሪያውን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ወዴት አዘንብሏል? ቅርንጫፉ በየትኛው ወገን ይከብዳል? ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ አለ ወይ? ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርጉት። እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ በስብሶ ይሆናልና ተጠንቀቁ። የመብራት ሽቦ በአጠገቡ ካለ ሥራውን አትጀምሩ። መጀመሪያ የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው መስመሩን ያጥፉ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ሥራው ላይ የሌለ ሰው ሁሉ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። ዛፉ 15 ሜትር ከሆነ ሰው 30 ሜትር ይርቃል። ቆራጩም የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ ይመንጥር። መንገዱ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሰያፍ ይሁን እንጂ ቀጥ ብሎ ከዛፉ ጀርባ አይሁን። ዛፍ ሲወድቅ ግንዱ ወደ ኋላ ሊወነጨፍ ይችላል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ዛፉ እንዲወድቅ በምንፈልግበት ወገን አፍ የመሰለ ቁርጥ እናወጣለን። ጥልቀቱ የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል ይሆናል። ቀጥሎ በስተጀርባ፣ ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ አድርገን እንቆርጣለን። ግን ሁለቱን ቁርጦች አናገናኝም። በመካከላቸው የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል እንተዋለን። ለምሳሌ ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ የሚተወው ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የተተወው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ያገለግላል። ዛፉን ቀስ አድርጎ ወደ ፈለግነው ወገን ያወርደዋል። ማጠፊያው ጨርሶ ከተቆረጠ ግን ዛፉን የሚያዝዘው የለም፤ ወደ ፈለገው ይወድቃል።

የሞተር መጋዝ በአንድ እጅ አይያዝም፤ ከትከሻ በላይም አይነሣም። የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ፣ መጋዙ ባንዴ ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል። የራስ ቁር፣ የዓይን መከለያና ጠንካራ ጫማ ወጪ ናቸው ብላችሁ አትተዉአቸው። ከሐኪም ቤት ወጪ ያንሳሉ።

ሦስተኛ፦ ዛፉን ሳይገድሉ ቅርንጫፍ ማንሣት

አንዳንድ ደንበኛ ዛፉ እንዲቆረጥ አይፈልግም። «ጣሪያዬን የሚነካውን ቅርንጫፍ ብቻ አንሡልኝ» ይላል። ትልቅ ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ አይወርድም። በአንድ ቁርጥ ከወረደ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ እንቆርጣለን። የመጀመሪያው ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ጥቂት ገብቶ ይቆማል። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ነው። ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ይወድቃል። ሦስተኛው የቀረውን ቁራጭ ማንሣት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቅርንጫፍ ከግንድ የሚወጣበት ቦታ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ያበጠ ነው። መጋዙ ከኮሌታው ወጣ ብሎ ይቁረጥ እንጂ ኮሌታውን አይንካ። አሌክስ ሺጎ የሚባሉ አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠሩ ግንዶችን እየሰነጠቁ ይህን ነገር አጥንተዋል። ያገኙት ነገር ምንድን ነው? ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፤ በዙሪያው ግድግዳ ሠርቶ ይዘጋዋል። ኮሌታው ከተቆረጠ ግድግዳው ይዳከምና ብስባሹ ወደ ግንዱ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ያ ዛፍ በነፋስ ቢወድቅ የደንበኛው ቤት አደጋ ላይ ነው፤ የቆራጩም ስም ይጠፋል።

አራተኛ፦ መለካት

«አሥሬ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ይባላል። ግንድ ስትገዙ በዓይን አትገምቱ። ዙሪያውን በሜትር ለኩና ለ3.14 አካፍሉ፤ ውፍረቱን ታገኛላችሁ። ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 0.30 ሜትር ማለት ነው። የግንዱ ርዝመት 3 ሜትር ቢሆን፣ 0.30 በ0.30፣ በ0.785፣ በ3 እናባዛለን። የሚመጣው 0.21 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ነው። ሌላው ቅርፊት ያለበት ዳርና ሰጋቱራ ይሆናል። ስለዚህ የግንዱን ዋጋ ስትነጋገሩ የሚወጣውን ጣውላ አስቡ እንጂ የግንዱን ግዝፈት አትዩ።

የመጋዙም ውፍረት ገንዘብ ነው። የሞተር መጋዝ አንድ ጊዜ ሲያልፍ 8 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል። ቀበቶ የመሰለው ቀጭን መጋዝ ያለው መሰንጠቂያ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይበላል። አሁን 25 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የተጠረበ ግንድ እናስብ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ብናወጣበት፣ በሞተር መጋዝ 7 ጣውላ ይወጣል። በቀጭኑ መጋዝ 9 ጣውላ ይወጣል። ከአንድ ግንድ 2 ጣውላ ተረፈ ማለት ነው። ከመቶ ግንድ ሲሆንስ? 200 ጣውላ። ቀጭኑን መሰንጠቂያ ለብቻ መግዛት የማይችሉ ሰዎች በማኅበር ሆነው ቢገዙት ወይም ቢከራዩት ያዋጣቸዋል።

ጥርሱም ይታይ። ሰጋቱራው ፍርክስክስ ያለ ከሆነ መጋዙ ስል ነው። እንደ ዱቄት ከላመ ደንዟል። ቶሎ በሞረድ ይሳል። የደነዘ መጋዝ ቤንዚን ይጨርሳል፤ ክንድ ያደክማል፤ ጣውላውንም ያወላግዳል።

አምስተኛ፦ ቀስ ብሎ ማድረቅ

ባሕር ዛፍ ቆሞ ሳለ በውስጡ ጭንቀት አለ። የውጭው እንጨት ይወጠራል፤ የመሐሉ ይታመቃል። ሲቆረጥ ይህ ጭንቀት ይለቀቅና ጫፉ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ግንዱ ፀሐይ ላይ ሳይቆይ ቶሎ ይሰንጠቅ። ሲሰነጠቅም ከአንድ ወገን ብቻ አይላጥ። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከማዶ እየተባለ ይገላበጥ። የጣውላው ጫፍ ቀለም ቢቀባ ውሃው በጫፉ በኩል ፈጥኖ አይወጣም፤ ስንጥቁም ይቀንሳል።

እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ይኮማተራል። ደንበኛው 2.5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጣውላ ከፈለገ ሲሰነጠቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨመርበት። ከዚያ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይደርደር። በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ዘንጎች ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ ይግቡ። ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። ከላይ ድንጋይ ይጫንበት፤ ጣውላው እንዳይጣመም ይይዘዋል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? አንድ ጣውላ ምልክት አድርጉና በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱንም ጻፉት። 10 ኪሎ የነበረው 9፣ ከዚያ 8 እያለ ይወርዳል። ለተከታታይ ሳምንታት መውረዱን ካቆመ ደርቋል። እንደ አየሩና እንደ ውፍረቱ ይህ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ነውና እርጥቡን ደረቅ ነው ብላችሁ አትሽጡ። በር ሆኖ ከተሠራ በኋላ ቢጣመም ደንበኛው ሁለተኛ አይመጣም።

ስድስተኛ፦ መጻፍ

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ዛፍ ቆርጣችሁ 3,000 ብር ተቀበላችሁ እንበል። ለሁለት ረዳቶች 1,200 ብር ከፈላችሁ። ቤንዚንና ዘይት 450 ብር፣ መኪና 700 ብር፣ ሞረድ 150 ብር ወጣበት። ወጪው ሲደመር 2,500 ብር ነው። የተረፈው 500 ብር ብቻ ነው። የራሳችሁ ድካምና ነገ መጋዙ ሲያረጅ የሚተካበት ገንዘብ ከዚሁ ይወጣል። ወጪውን ያልጻፈ ሰው ግን 3,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። የሚቀጥለውንም ሥራ በዚያው ዋጋ ይይዛል።

ከሥራው በፊት ከደንበኛው ጋር ውል ይጻፍ። ረጅም መሆን የለበትም። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ግንዱና ቅርንጫፉ የማን እንደሚሆን፣ አጥር ወይም ጣሪያ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ሁለቱም ይፈርሙ። ዱቤም ቢሆን ከቀኑና ከፊርማው ጋር ይጻፍ። በቃል የቀረ ዱቤ ወዳጅ ያጣላል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ የዚህ ሥራ ትርፍ ብዙ ዛፍ በመጣል አይመጣም። ሰው ሳይጎዳ፣ እንጨት ሳይባክን፣ ሒሳብ ሳይጠፋ ሲሠራ ነው የሚመጣው። ከመጋዙ አጠገብ ሜትርና ደብተር አይጥፋ። ደህና ሰንብቱ።

ከንባብ በኋላ የሚሠሩ ጥያቄዎች

1. የአንድ ግንድ ዙሪያ 157 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ ስንት ነው?
2. ግንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር ለማጠፊያ የሚተወው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?
3. ቅርንጫፍ ሲነሣ የትኛው ቦታ መነካት የለበትም? ለምን?
4. በዚህ ሳምንት የሠራችሁትን አንድ ሥራ ገቢና ወጪ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የተረፈው ስንት ነው?