ሻርፕ የማይለያት ቆንጆ

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጓደኛዬ ግን አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች። «ኧረ አንቺ፣ አይሞቅሽም?» ስላት ግራና ቀኝ ገልመጥ አለችና ሻርፑን ዝቅ አደረገችው። ጉሮሮዋ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት… እንቅርት!

ስሟ ይቆየን። ከደባርቅ በላይ ካለ የደጋ ቀበሌ ነው የመጣችው። ዕድሜዋ 23 ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ቀጠሮ ይዛለች። የእጮኛዋ እናት እብጠቱን ያዩ ዕለት «ይሄ እኮ የዘር ነው፤ ለልጅ ይተላለፋል» አሉ። እሱም ከዚያ ወዲህ ዝምታ አብዝቷል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄኔ ነው!

ለመሆኑ ነገሩ የዘር ነው? እስቲ እንየው።

አንገታችን ፊት ለፊት ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ሥራውን የሚሠራው አዮዲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። አዮዲን ካጣ «ልሥራ፣ ልሥራ» ሲል ያብጣል። በአገራችን አብዛኛው እንቅርት የሚመጣው እንዲህ ነው። የሚያስፈልገን ደግሞ ኢምንት ነው፤ የዕድሜ ልኩ ቢጠራቀም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

ታዲያ ይህችን ኢምንት ምን አሳጣን? የሰሜን ተራሮችን ዳገት ያየ ይገባዋል። ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ይወርዳል። እዚያ የበቀለው ገብስ፣ ባቄላና ድንች ሆድ ይሞላል እንጂ አዮዲን የለውም። እንግዲህ እናትም፣ ልጅም፣ እህትም እንቅርት የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ማዕዳቸው አንድ ስለሆነ ነው። በዘር የማይሳበብ ነገር የለም መቼም!

የድሮ ሰዎች ዝም አላሉም። የአያቶቻችን የአንገት ንቅሳት ለውበት ብቻ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ ለእንቅርት መድኃኒት ብለው ነው የተነቀሱት። ግን መርፌ አዮዲን አይሰጥም። እንዲያውም በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ከተነቀሰ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያመጣ ይችላል።

መድኃኒቱ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው፤ አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው። ይሄም ታሪክ አለው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ባለአዮዲን ጨው በኤርትራ በኩል ይገባልን ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ሲጀመር ቀረ። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ተተካ፤ አዮዲን ግን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን ይቀላቀልበት የሚል ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አካባቢ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት ግን ጨዋቸው ከተመረመረ ቤቶች 89 በመቶው ነበራቸው። ደስ ይላል! ግን «አለበት» ማለት «በቂ ነው» ማለት አይደለም። ማብሰያችን ላይም ብዙ እናባክናለን።

ስለዚህ እህቶች (ወንድሞችም፣ ወጥ መሥራት ነውር አይደለም!) ይህን ያዙልኝ፦

• ስትገዙ «አዮዲን ያለበት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የታሸገ ጨው ፈልጉ።

• ጨው አትጠቡ። አዮዲኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

• ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት።

• ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ሲንተከተክ የዋለ ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። በርበሬ ላይ ቀላቅላችሁ ፀሐይ ላይ የምታሰጡትም እንዲሁ።

• ጎመን የምታዘወትሩ አብስላችሁ ብሉ። ጥሬው አዮዲን ለሚያንሰው ሰው ጥሩ አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ! ጨው አብዙ አላልኩም። በቀን በጠቅላላው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ካለፈ የደም ግፊት ይጠብቃችኋል። ጨዉን ለውጡት እንጂ አትጨምሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንቅርት የውበት ነገር ብቻ ቢሆን ሻርፕ ይበቃው ነበር። ችግሩ ማህፀን ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር አዮዲን በጣም ካነሳት ጽንሱ ሊወርድ ይችላል፤ ቢወለድም አእምሮው በደንብ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ይህ ጉዳት ካለፈ በኋላ በጨው አይመለስም። ስለዚህ አማቲቱ ስለ ልጅ መጨነቃቸው ልክ ነው፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። ልጁን የሚጠብቀው ሙሽራ መቀየር ሳይሆን ጨው መቀየር ነው፤ ያውም ከእርግዝና በፊት።

እንቅርቱ ገና ትንሽ ከሆነ በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። የቆየና የጓጎለ ግን በጨው ብቻ አይጠፋም። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ፣ ድምፅ የሚያጎረንን፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚከለክል ከሆነ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በራሳችሁ የአዮዲን መድኃኒት ገዝታችሁ እንዳትወስዱ፤ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሰምታ «እና እኔ አልተረገምኩም?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በማግስቱ ሐኪም ቤት ስትሄድ እጮኛዋን ይዛው ገባች። ሐኪሙ የነገራትን እሱም በጆሮው ሰማ። ሲመለስ ለእናቱ በፌስታል ምን ይዞላቸው እንደሄደ ገምቱ… ሁለት ኪሎ ባለአዮዲን ጨው!

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ደግሞ ለልጆቻችን ስንል እንምረጠው።

ቸር ሰንብቱ!